የግቢው ሰዓት አይሳሳትም

ሰኞ፤ 42 ቀን ይቀራል

ሁለት ደብተር ገዛሁ። አንደኛው ለሥራው ነው፤ ዳይሬክተሯ እያንዳንዷን እርምጃ መዝግብ ብላኛለች። ይኼኛው ለሆዴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በከተማ አውቶቡስ ድርጅት የሰርቨር ክፍል ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ስል ከእኔ በቀር ክፍሉ ውስጥ ሰው የለም፤ የማዘው አሥራ አንድ ማሽን ነው። እነዚህ አሥራ አንድ ማሽኖች በስድስት ሳምንት ውስጥ፣ ውስጣቸው እንዳለ ተገልብጦ፣ ሁለት አዳዲስ ማሽኖች ላይ ቨርቹዋል ሆነው መግባት አለባቸው። ክፍሉ ለስብሰባ አዳራሽ ተፈልጓል። በቀኑ ካልጨረስኩ ሥራው ለውጭ ድርጅት ይሰጣል፣ እኔ ደግሞ ወደ ጎማ መጋዘን እዛወራለሁ። ዳይሬክተሯ ይህን የነገረችኝ ፈገግ ብላ ነው። ከመጣች ሦስት ወሯ ነው፤ ፈገግታዋን ማንበብ ገና አልለመድኩም። ኮሪደሩ ላይ የቀሩትን ቀኖች የሚያሳይ ወረቀት አስለጥፋለች፤ በየጠዋቱ አንድ ይቀደዳል።

ከሥራ ስወጣ በጎማ መጋዘኑ በኩል ዞር ብዬ አየሁት። መስኮት የለውም።

ማክሰኞ፤ 41

እራት ላይ አማቴ ቨርቹዋል ማሽን ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ሠላሳ ዓመት በእኛው ድርጅት የስምሪት ኃላፊ ነበሩ፤ የትኛው አውቶቡስ በስንት ሰዓት ከግቢ እንደሚወጣ የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። የተዉት ግን ደመወዙን ብቻ ነው።

አሥራ አንድ ቤተሰብ አንድ ግቢ ውስጥ ገብቶ፣ እያንዳንዱ ግቢው የእኔ ብቻ ነው ብሎ እንደሚኖር ማለት ነው አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ ጎረቤት እንዳለው የማያውቅ ሰው ጤነኛ አይደለም አሉ።

ከዚያ ሰዓታቸውን አይተው ለዜና ቴሌቪዥኑን ከፈቱ። ዜናው አልጀመረም። እንደ ወትሮው "ዛሬም አረፈዱ" ብለው ዜና አንባቢዎቹን ወቀሱ። የእጅ ሰዓታቸው በአውቶቡሶቹ ግቢ ሰዓት የተስተካከለ ነው፤ የግቢው ሰዓት ደግሞ ከከተማው ትንሽ ይቀድማል። ይህን በድርጅቱ የማያውቅ የለም። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ሠራተኛው እንዳያረፍድ ሆን ብሎ ያስቀደመው ነው ይባላል። ብልህ ሰው ነበር። ለአማቴ ግን ይህን መንገር አይቻልም፤ ባለቤቴ አንድ ጊዜ ሞክራ ሦስት ቀን አኩርፈዋታል። "የግቢው ሰዓት አይሳሳትም" ነው መልሳቸው። የሚሳሳተው ከተማው ነው።

ዓርብ፤ 38

ሁለቱ ትንንሽ ማሽኖች ተዛወሩ። አንዱ ተነሣ። ሌላው ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ቀጥ አለ። ምሳ አልበላሁም። ዳይሬክተሯ በበሩ አንገቷን አስገብታ "እንዴት ነው?" አለችኝ። "እየሄደ ነው" አልኩ። ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቀችም።

ቅዳሜ፤ 37

ቅዳሜ ጠዋት ቤታችን ሥርዓት አለ። አማቴ ልብሳቸውን ሙሉ ለሙሉ ለብሰው መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። ለግቢው ዘበኛ ይደውላሉ። ዘበኛው በሩ ላይ የተሰቀለውን ትልቁን ሰዓት ያነብላቸዋል፣ እሳቸው የእጃቸውን ያመሳክራሉ። ሁልጊዜ ይገጥማል። ስልኩን ሲዘጉ ፊታቸው ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ይሆናል። ቀጥሎ ከመስኮቱ ሥር አምስት ቁጥር አውቶቡስ እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ያልፋል። ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ፤ ቁርስ ይቀርባል።

አምስት ቁጥርን የሚነዳው አርፋጁ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት አማቴ ናቸው፤ ድርጅቱ በሙሉ ተቀበለው። ሌሎቹ ሾፌሮች በግቢው ሰዓት ሲኖሩ እሱ ብቻ "እኔ የማምነው ሬዲዮኔን ነው" ያለ ሰው ነው። በየጠዋቱ ስድስትም ሰባትም ደቂቃ አርፍዶ መግቢያው ላይ ካርዱን ሰዓት መመዝገቢያውን ያስነካል። አውቶቡሱ የሚወጣው ግን በደወል ነው፣ ደወሉን የሚደውለው ደግሞ ሰርቨሩ ነው፤ ስለዚህ እሱም ቢሆን በመስኮታችን ሥር በሰዓቱ ያልፋል። አማቴ ለአርፋጁ ስልሳ ሦስት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፈውለታል። ቁጥሩን የሚናገሩት በኩራት ነው። በዚህ የተነሣ ሰውዬው "ምስጉን ሾፌር" የሚለውን ባጅ አንድ ቀን ደረቱ ላይ ሳያደርግ ጡረታው ደርሷል።

ረቡዕ፤ 33

አራት ተዛወረ። አምስተኛው ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ምልክት የለውም፣ ወረቀት የለውም፣ ማን እንደገዛው አይታወቅም። መብራቱ ግን ብልጭ ድርግም ይላል፤ የሆነ ነገር ይሠራል። በየቢሮው ዞርኩ። ሁሉም የጎረቤቱ ነው አለኝ።

እንዲህ ሲሆን አንድ መላ ነው ያለው። ነቅለህ ማን እንደሚጮህ መስማት። ነቀልኩት።

ዓርብ፤ 31

የጮኸ የለም። አለመጮኽም ያስፈራል።

ማክሰኞ፤ 27

አምስተኛውን ማሽን ከፍቼ ውስጡን መረመርኩት። አንድ ሥራ ብቻ ነው ያለው። በየደቂቃው አንድ ሌላ ማሽንን "አለህ?" ብሎ ይጠይቃል። የሚጠይቀው ማሽን የዛሬ አምስት ዓመት ተቃጥሎ፣ በእጄ አውጥቼ የጣልኩት ነው። አምስት ዓመት ሙሉ መልስ የማይሰጥን ሙት አለህ ወይ ሲል ኖሯል። አንጀቴን በላኝ። ዳይሬክተሯ ወዲያው ሰርዘው አለች። እኔ ግን አዛወርኩት። ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው፤ ማንም አያውቅም።

ሐሙስ፤ 25

ቤት ስገባ እራት ቀዝቅዟል። ባለቤቴ የሒሳብ መምህርት ናት፤ በቁጥር ነው የምትቆጣው። በዚህ ሳምንት አራት ቀን፣ በአማካይ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ አርፍደሃል አለችኝ። ከዚያ ሳቋ መጣ። እጮኛሞች ሳለን ቀጠሮ ላይ አንድ ቀን በሰዓቱ ስላልመጣሁላት፣ በስጦታ የሰጠችኝን የእጅ ሰዓት ሳላያት አስቀድማው እንደነበር አስታወሰችኝ። ይህን ከሠርጋችን በኋላ ነው የነገረችኝ፤ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ግን ጠይቄያትም አላውቅ። የዋህ ነበርኩ። ያን ጊዜ ሰዓት አክባሪ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

አማቴ ከመስኮቱ አጠገብ ሆነው፣ ሰዓት ላይ የሚቀልድ ሰው እጁ ላይ ባያስር ይሻለዋል አሉ።

ሰኞ፤ 21

አሥሩ አለቁ። የቀረው ዝሆኑ ነው።

ዝሆኑ ማለት ትልቁና አሮጌው ሰርቨር ነው። ስምሪቱ፣ የካርድ ማስነኪያው፣ ደወሉ፣ በሩ ላይ ያለው ሰዓት፣ ሁሉም በእሱ ነው የሚሠራው። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት፣ በተቀጠርኩ በሁለተኛ ሳምንቴ፣ በገዛ እጄ ነው የተከልኩት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልጠፋም። ከውጭ ኔትወርክ ጋር አልተገናኘም፤ የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ከውጭ የሚመጣ ሁሉ በሽታ ነው ይል ነበር። ካጠፋሁት መልሶ ይነሣል ወይ? ማን ያውቃል። ሰውም ቢሆን አሥራ አራት ዓመት ሳይቀመጥ ቆሞ ቁጭ ቢል ላይነሣ ይችላል።

አንድ ሳምንት አዘገየሁት። ለዳይሬክተሯ ገና እያዘጋጀሁ ነው አልኳት። የማዘጋጀው ነገር የለም። አቧራውን ነው የምጠርግለት።

ዓርብ፤ 17

ዳይሬክተሯ የጎማ መጋዘኑን ኃላፊ ይዛ መጥታ አስተዋወቀችን። ጥሩ ሰው ነው። ወንበር አለን አለኝ።

እሑድ፤ 15

ተሳካ!

አውቶቡስ በሚቀንስበት በእሑድ ቀትር ለሁለት ሰዓት ያህል ደወሉ እንዲቆም ተፈቀደልኝ። ዝሆኑን ከማጥፋቴ በፊት እጄን ጎኑ ላይ አደረግኩ፤ ሰው ባለመኖሩ ጥሩ ሆነ። አጠፋሁት። ማራገቢያዎቹ ዝም ሲሉ ክፍሉ ውስጥ የራሴን ትንፋሽ ሰማሁ፤ በአሥራ አራት ዓመት መጀመሪያዬ ነው። ዲስኩን ገለበጥኩ። መገልበጫው ፕሮግራም ብዙ ነገር ይጠይቃል፣ ብዙውን እሺ እሺ እያልኩ አለፍኩ። አንዱ ሳጥን "ሰዓቱን ከአዲሱ ማሽን ይውሰድ" ይላል። ምልክት አደረግኩበት። ምን ይጎዳል?

ቨርቹዋሉ ዝሆን በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣ። ላብ አጥምቆኝ ነበር፤ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ጎማ መጋዘን ቻው።

ሰኞ፤ 14

ደወሉ ደወለ። አውቶቡሶቹ ወጡ። ካርዱ ሠራ። ዳይሬክተሯ እጄን ጨበጠችኝ።

አንድ ትንሽ ነገር። የግቢው ሰዓት ከስልኬ ጋር ገጥሟል። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ያስቀደመው ደቂቃ ጠፋ ማለት ነው። ለዳይሬክተሯ ልነግራት አስቤ ነበር፤ ግን ሥራ በዝቶባታል። ትክክለኛ ሰዓት ማንን ገደለ?

ማታ አማቴ አምስት ቁጥር ዛሬ ዘጠኝ ደቂቃ አረፈደ አሉኝ። የቨርቹዋል ጣጣ ነው ብለው አሾፉብኝ። አብሬ ሳቅሁ።

ሐሙስ፤ 11

የመጀመሪያው ሪፖርት ወጣ። በፊት በሳምንት ከሃምሳ በላይ የሾፌር ማርፈድ ይመዘገብ ነበር። በዚህ ሳምንት ዜሮ። ድፍን ዜሮ። ዳይሬክተሯ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ገለበጠችው፤ ጀርባው ላይ የቀረ ነገር ካለ ብላ መሆን አለበት። ከዚያ ስብሰባ ጠርታ ቴክኖሎጂ የሰውን ጠባይ ይለውጣል አለች። ሾፌሮቹ ጣሪያ ጣሪያውን ያዩ ነበር። የሚመጡት በድሮው ሰዓት፣ ማሽኑ የሚመዘግባቸው ግን በአዲሱ መሆኑን ሁሉም ያውቃሉ፤ ማንም አይናገርም። ማን ራሱ ላይ ዘጠኝ ደቂቃ ይጨምራል? አንደኛው ስወጣ ትከሻዬን መታ አድርጎኝ እድሜ ይስጥህ አለኝ።

እንግዲህ አሁን ብናገር ሪፖርቱ መሳለቂያ ይሆናል፣ እሷም ትዋረዳለች፣ እኔም ወንበር ወዳለበት እሄዳለሁ። ሆድ ይፍጀው።

ቅዳሜ፤ 9

ዛሬ ጠዋት አማቴ ለዘበኛው ደወሉ። አንብብልኝ አሉት። አነበበላቸው። እንደገና አንብብ አሉት። አመሰግናለሁ ብለው ዘጉ።

የእጃቸው ሰዓት ከግቢው ሰዓት በዘጠኝ ደቂቃ ቀድሟል።

ግቢው ተሳስቷል ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። አላሉም። ሰዓታቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሰሙት። አምስት ቁጥር ሲያልፍ ራሳቸውን አልነቀነቁም። ቁርስ ላይ ሻይ ውስጥ ስኳር ሁለት ጊዜ ጨመሩ፤ ባለቤቴ አየችኝ፣ እኔ ዳቦውን አየሁ።

ልነግራቸው እችላለሁ። ግን እሳቸውን አውቃቸዋለሁ። ከነገርኳቸው ሰኞ በማለዳ ኮታቸውን ለብሰው ግቢው በር ላይ ናቸው፣ ሰዓቱን ማን ነካው ብለው ዳይሬክተሯ ቢሮ ድረስ ይዘልቃሉ። ለአማቴ መንገር ለድርጅቱ መንገር ነው።

ሰኞ፤ 7

አማቴ ሰዓታቸውን ወደ ሰዓት ሠሪ ወሰዱት። ሠሪው ከፍቶ አይቶ፣ እንከን የለውም፣ እንዲህ ያለ ሰዓት ዛሬ አይገኝም ብሎ በነፃ መለሰላቸው። ደስ ብሏቸው ይመጣሉ ብዬ ነበር። እራት ላይ ለልጃቸው እንዲህ አሏት፦ "ሰዓቱ ጤነኛ ነው። ግቢው አይሳሳትም። ስለዚህ በሽተኛው እኔ ነኝ። ስንት ጊዜ ሙሉ ሰዓት ሳነብ ስሳሳት ኖሬያለሁ?"

ዜናው እንደ ወትሮው በእሳቸው ሰዓት አርፍዶ ጀመረ። አማቴ ግን ዜና አንባቢዎቹን አልወቀሱም።

ማክሰኞ፤ 6

መላ አገኘሁ። ለማንም መናገር አያስፈልግም። ማታ አማቴ ገላቸውን ሊታጠቡ ሲገቡ ሰዓታቸው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ብድግ አድርጌ ዘጠኝ ደቂቃ ወደኋላ መለስኩት፣ ቦታው አስቀመጥኩት። ሠላሳ ሰከንድ አልፈጀም። ነገ ጠዋት ከአምስት ቁጥር ጋር ይገጥማል፣ ነገሩ ያልቃል። ለካ እንዲህ ቀላል ነበር! ለራሴ አንድ ተጨማሪ ቁራጭ ኬክ ቆረስኩ።

ረቡዕ፤ 5

ወይ ጉድ።

ለካ ትናንት ጠዋት እኔ ሥራ እያለሁ ለዘበኛው ደውለው፣ ሽንፈታቸውን ተቀብለው፣ ሰዓታቸውን ራሳቸው በግቢው ሰዓት አስተካክለውት ኖሯል። እኔ በላዩ ላይ ሌላ ዘጠኝ መለስኩበት። ዛሬ ጠዋት አውቶቡሱ በእሳቸው ሰዓት ዘጠኝ ደቂቃ ቀድሞ አለፈ። ሰዓቱን አዩ። መንገዱን አዩ። ትናንት በእጄ ነው ያስተካከልኩት አሉ፣ ለማንም አይደለም የተናገሩት። ከዚያ ሰዓቱን ፈተው መሳቢያ ውስጥ አስገቡት።

የእጃቸው አንጓ ላይ የሰዓቱ ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል።

የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ ባይ። ሰዓት ከመንካቴ በፊት ስልኬን አውጥቼ ስንት ሰዓት እንደሆነ እንኳ አላየሁም። ጅል።

ሐሙስ፤ 4

ባለቤቴ አባቷን ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። ሐኪሟ ወረቀት ሰጥታ የሰዓት ሥዕል ሣሉ አለቻቸው፤ የማስታወስ ምርመራ ነው አሉ። አማቴ ሠላሳ ዓመት ስምሪት የመሩ ሰው ናቸው፤ የደቂቃ መስመሮቹን ሳይቀር ሥለው የሚቀጥለው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚመጣ ከጎኑ ጻፉበት። ሐኪሟ ሳቀች። ከዚያ ሰዓት ሳያዩ አሁን ስንት ሰዓት ይመስልዎታል አለቻቸው። ይህ ድሮ የሚኮሩበት ነገር ነበር፤ ሰዓት ሳያዩ ደቂቃውን መናገር። አራት ሰዓት ተኩል አሉ። የግድግዳው ሰዓት አራት ከሃያ አንድ ይላል። ሐኪሟ "ጎበዝ፣ ተቃርበዋል" አለች።

ያቺ "ተቃርበዋል" ናት የሰበረቻቸው፣ አለች ባለቤቴ። ምርመራው ምንም የለብዎትም ይላል፤ እሳቸው ግን ወረቀቱን አላመኑም። ቤት ገብተው ዛሬ ሐሙስ ነው አይደል ብለው ጠየቋት።

ዓርብ፤ 3

ዛሬ ሳህን እያጠብን ባለቤቴን እንደዋዛ ጠየቅኳት። ያን ጊዜ ሰዓቴን ስንት ደቂቃ ነበር ያስቀደምሽው?

"ዘጠኝ" አለች። "አሥር ባደርገው ትነቃብኝ ነበር።"

ሳህኑን አስቀመጥኩት። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ዝሆኑን በተከልኩ ቀን፣ መጀመሪያ ሲነሣ ስክሪኑ ላይ የጠየቀኝ ሰዓቱን ነበር። እጄ ላይ ያለውን አየሁ፣ የእጮኛዬን ስጦታ፣ ያየሁትን ጻፍኩ። አስገባ የሚለውን ተጫንኩ። ሥራ አስኪያጁ ያስቀደመው የለም። ስለዚህ ሁሉ ሰው ብልህ ነበር እያለ የሚያወራለት ሰውዬ ስለ ጉዳዩ የሰማም አይመስለኝም። የአንድ ከተማ ሕዝብ አሥራ አራት ዓመት በዘጠኝ ደቂቃ ቀድሞ አውቶቡስ የተሳፈረው እኔ ቀጠሮ ስለማላከብር ነው።

ባለቤቴ ለምን ጠየቅከኝ አለች። እንዲሁ አልኩ። የሒሳብ መምህርት ናት። ፎጣውን ሰጥታኝ ወጣች።

ሰኞ፤ 0

ኮሪደሩ ላይ የመጨረሻው ወረቀት ተቀደደ። ሁሉም ሠራተኛ ባለበት ዳይሬክተሯ የምስጋና ሰርተፊኬት ሰጠችኝ። ማርፈድን ከድርጅታችን ያስወገደ ይላል። ዓይኔን በጨው አጥቤ ተቀበልኩ። ሾፌሮቹ ሲያጨበጭቡ ከሌላው ጊዜ ረዘም አደረጉት።

ቤት ስገባ አማቴ አየት አድርገው እንኳን ደስ ያለህ ልጄ አሉኝ። ልስቀለው ወይ አሉኝ። እሳቸው ሊሰቅሉልኝ! ምስማር የለንም ብዬ ዋሸሁ።

ሐሙስ

ቀን የሚቆጥር ወረቀት የለም፤ እኔም አልቆጥርም።

ዛሬ አርፋጁ ቢሮዬ መጣ። በአሥራ አራት ዓመት እዚህ ክፍል ሲገባ መጀመሪያው ነው። ቆቡን በእጁ ይዟል። ምን አድርገህልኝ ነው አለኝ። እኔ የምነሣው ያው፣ የምደርሰው ያው፣ ግን ማሽኑ አሁን በሰዓቱ ገባህ ይለኛል። ሚስቴ አላመነችኝም፣ ማሽኑ ያወጣውን ወረቀት ወስጄ አሳየኋት። ከዚያ ቆቡን እያገላበጠ፣ ድሮም በሰዓቱ ነበርኩ እንዴ አለኝ።

ስልኬ የጮኸ አስመስዬ አነሣሁት። ማንም አልደወለልኝም። እስኪወጣ ድረስ ሃሎ ስል ነበር።

ቅዳሜ

አማቴ ለዘበኛው አልደወሉም። መስኮቱ አጠገብም አልተቀመጡም። አምስት ቁጥር አለፈ፤ ማንም አላየውም። ባለቤቴ በረንዳ ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። ሒሳቡን ሠርታ ጨርሳለች፣ ከዘጠኙ ጀምራ። መጀመሪያ ሳቀች፤ ሰዓትህን ያስቀደምኩት እኔ ነኝ፣ ግማሹ ጥፋት የእኔ ነው አለች። ከዚያ ሳቋን አቆመች።

"አባቴ ናቸው። እኔ አልነግራቸውም" አለች። "ሰዓቱን ማሽኑ ላይ የጻፍከው አንተ ነህ፣ የምታነብላቸውም አንተ ነህ።"

እሑድ

ነገርኳቸው።

ቁርስ ሳይቀርብ በፊት፣ ወንበር ስቤ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ። "አባባ፣ እርስዎ አልተሳሳቱም። ሰዓትዎም አልተሳሳተም" አልኳቸው። ከዚያ ሁሉንም፣ ከእጮኛዬ ስጦታ ጀምሬ፣ ዝሆኑን፣ ምልክት ያደረግኩባትን ሳጥን፣ ገላቸውን ሲታጠቡ የነካሁትን ሰዓት። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማለች። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ መቆጣታቸውን በእውነት ፈልጌው ነበር። እንዲህ ተኮሳትረው ሲያዳምጡ ሳያቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ መጀመሪያዬ ነው።

"ስንት ዓመት አልክ?" አሉኝ።

"አሥራ አራት።"

"ስምንቱ በእኔ ጊዜ ነው።"

መሳቢያውን ከፍተው ሰዓታቸውን አወጡ። አሰሩት። አላስተካከሉትም። ስለ ራሳቸው አንድ ነገር አልጠየቁኝም፣ ስለ ሐኪሟም፣ ስለ ግቢውም። አንድ ቁጥር ብቻ ነው ከአፋቸው የወጣው፦ ስልሳ ሦስት። ተነሥተው በጡረታ ሽኝታቸው ቀን የለበሱትን ኮት ለበሱ። ዛሬ አምስት ቁጥርን ማን ነው የሚነዳው አሉ። አርፋጁ ነው አልኩ።

"እንደዚያ አትበለው። ስም አለው።"

ስሙን ጠራሁ። አስደግመውኝ እሳቸውም ጠሩት፣ እንዳይረሱት። ልሸኝዎ ብላቸው እንቢ አሉ፤ ደረጃውን ብቻቸውን ወረዱ።

እኔና ባለቤቴ ከመስኮቱ አየን። አማቴ ፌርማታው ላይ ኮታቸውን ቆልፈው ቆመዋል። አውቶቡሱ መጣ፣ በሰዓቱ። በፊት በር ገቡ፤ ቁጭ አላሉም፤ ቆባቸውን አውልቀው ከሾፌሩ አጠገብ ቆሙ። አውቶቡሱ አልተንቀሳቀሰም። ሾፌሩ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ወደፊት ያያል። የሚሉትን አልሰማንም። ከኋላ መኪና ጡሩምባ ነፋ፤ አንድ ተሳፋሪ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ምን ሆናችሁ ነው አለ። ቆይቶ የሾፌሩ እጅ ከመሪው ላይ ወረደ። ሬዲዮውን ሲዘጋው ይመስለኛል። ከዚያ ተነሥቶ የአማቴን እጅ በሁለት እጁ ያዘ፤ እንደዚያ ሆነው ቆዩ። ባለቤቴ የእጇን ሰዓት እያየች ነበር፣ በሌላው እጇ ዓይኗን እየጠረገች።

አውቶቡሱ ሲነሣ አማቴ የፊተኛው ወንበር ላይ ናቸው። እስከ መጨረሻው ፌርማታ ሊሄዱ ነው መሰለኝ።

"ስንት ሆነ?" አልኳት።

"ዘጠኝ" አለች።

ነገ ጠዋት ዳይሬክተሯ ጠረጴዛ ላይ ሪፖርቱ ይቀመጣል። ዝሆኑ ከተዛወረ ወዲህ የመጀመሪያው መዘግየት፦ አምስት ቁጥር፣ ዘጠኝ ደቂቃ። ከጎኑ ምክንያት የሚል ባዶ ቦታ አለ። ሰርተፊኬቱን አያይዤ፣ እዚያ ላይ ስሜን እጽፋለሁ።